ለጀማሪ የባሕር ውኃ አኳሪየም ተስማሚ ገንዳ መምረጥ፦ የይዘት፣ የቅርጽና የቦታ ግምገማ

አኅጽሮተ ጥናት

የባሕር እንስሳትን በቤት ወይም በቤተ ሙከራ ለማኖር የሚነሣ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ገንዳ ይመርጣል። ትንሽ ገንዳ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ አያያዙም ቀላል ይመስላልና። ይህ ጽሑፍ ያንን ግምት በሦስት ገንዳዎች ስሌታዊ ንጽጽር ይመረምራል። ንጽጽሩ የሚያሳየው የገንዳ ይዘት የጀማሪን ስሕተት እንደማያጠፋ፣ ነገር ግን ስሕተቱን ለማየትና ለማረም የሚያስፈልገውን ጊዜ እንደሚሰጥ ነው። በሌላ በኩል የጨዋማነት መለዋወጥ፣ የኦክስጅን ልውውጥ፣ በመስታወት ላይ የሚያርፈው ግፊትና በወለል ላይ የሚያርፈው ጫና ከይዘቱ ይልቅ በቅርጹ፣ በተለይም በጥልቀቱ፣ ይወሰናሉ። በመሆኑም 200 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ሰፊና ጥልቀቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ገንዳ ለጀማሪ የተሻለ ምርጫ ሆኖ ተገኝቷል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ላይ ይህ ምርጫ ተጨማሪ ምክንያት አለው።

ቁልፍ ቃላት፦ የባሕር ውኃ አኳሪየም፣ የገንዳ ይዘት፣ ጨዋማነት፣ አሞኒያ፣ ኦክስጅን፣ ከፍታ

1. መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1846 አና ቲን የተባሉ እንግሊዛዊት ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ የተገኙ ኮራሎችን በድንጋይ ማሰሮ አድርገው ወደ ለንደን ወሰዱ። በዚያ ትኩስ የባሕር ውኃ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ያለው ውኃ በተከፈተ መስኮት ፊት ከዕቃ ወደ ዕቃ እየተገለበጠ አየር እንዲያገኝ ይደረግ ነበር። ኮራሎቹም በዚህ አያያዝ ለሦስት ዓመት ያህል በሕይወት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1853 በለንደን የእንስሳት ማቆያ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የዓሣ ቤት ተከፈተ፤ በተከታዩ ዓመት የፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «ዘ አኳሪየም» የተሰኘ መጽሐፍ ሲታተምም ቃሉ ራሱ በሰፊው ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ ማሞቂያና ሰው ሠራሽ የባሕር ጨው ለአገልግሎት ቢውሉም መሠረታዊው ችግር አልተለወጠም። በባሕር ውስጥ የአንድ ዓሣ ቆሻሻ ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ይበረዛል፤ በገንዳ ውስጥ ግን እዚያው ይጠራቀማል።

ችግሩ በባሕር እንስሳት ላይ ይበልጥ የሚከብደው የመጡበት ስፍራ የተረጋጋ በመሆኑ ነው። በኮራል አለት አካባቢ የውኃው ጨዋማነት፣ ሙቀትና ፒኤች በጥቂቱ ብቻ ይለዋወጣሉ። በዚህ ስፍራ የኖሩ ብዙ ዝርያዎች የወንዝና የሐይቅ ዓሦች የሚችሉትን ድንገተኛ ለውጥ መሸከም አይችሉም። ከዚህም በላይ ለሽያጭ ከሚቀርቡት የባሕር ጌጥ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኛዎቹ ከተፈጥሮ ባሕር የሚጠመዱ ናቸው፤ ስለሆነም በገንዳ ውስጥ የሞተው ዓሣ የሚተካው ከኮራል አለት ሌላ ዓሣ በማጥመድ ነው። በቤተ ሙከራ ደግሞ ጉዳቱ ሌላ መልክ አለው። እንስሳቱ በገንዳው ውኃ መበላሸት ከታመሙ፣ የሙከራው ውጤት ከገንዳው ችግር ተለይቶ ሊታወቅ አይችልም።

ስለዚህ የገንዳ ምርጫ ከዓሣ ምርጫ በፊት የሚመጣ ውሳኔ ነው። ማጣሪያ፣ ፓምፕና መብራት በኋላ ሊለወጡ ይችላሉ፤ ውኃ፣ አሸዋና አለት የተሞላ ገንዳን መለወጥ ግን ሥራውን ከሥሩ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

2. የንጽጽሩ መሠረት

ለንጽጽር ሦስት ባለ አራት ማዕዘን ገንዳዎች ተወስደዋል። ልኮቹ የውስጥ ልኮች ሲሆኑ፣ ስሌቱን ለማቅለል ገንዳዎቹ እስከ አፋቸው እንደተሞሉ ተቆጥሯል። ገንዳ ሀ ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 45 ሊትር ይይዛል። ገንዳ ለ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ጥልቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 200 ሊትር ይይዛል። ገንዳ ሐ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50፣ ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሚይዘውም እንደ ገንዳ ለ 200 ሊትር ነው። ሀ እና ለ የይዘትን ተጽዕኖ፣ ለ እና ሐ ደግሞ ይዘቱ እኩል ሆኖ የቅርጽን ተጽዕኖ ለማየት ያስችላሉ።

በተግባር አሸዋና አለት ከይዘቱ የተወሰነውን ስለሚወስዱ፣ ትክክለኛው የውኃ መጠን ከተጠቀሰው ያንሳል። ይህ ጉድለት ከሦስቱ ይልቅ ትንሹን ገንዳ ይጎዳል፤ 10 ሊትር ቦታ የሚይዝ አለት ከገንዳ ሀ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ሲወስድ፣ ከሌሎቹ ግን የሚወስደው 5 በመቶ ብቻ ነው።

3. ይዘትና የመርዝ መበረዝ

የጀማሪ የመጀመሪያ ስሕተቶች የታወቁ ናቸው፤ ምግብ ማብዛት፣ ዓሣ ማብዛት፣ የሞተ ዓሣን ሳያዩ መቅረት። ሦስቱም መጨረሻቸው አሞኒያ ነው። የዓሣ አካል በግምት 17 በመቶ ፕሮቲን፣ ፕሮቲንም 16 በመቶ ያህል ናይትሮጅን ስለሆነ፣ 10 ግራም የሚመዝን አንድ ትንሽ ዓሣ 270 ሚሊ ግራም ያህል ናይትሮጅን ይይዛል። ዓሣው ከአለት ሥር ሞቶ ሙሉ በሙሉ ቢበሰብስና ናይትሮጅኑ ሁሉ አሞኒያ ቢሆን፣ በገንዳ ሀ 6 ሚሊ ግራም በሊትር፣ በለ እና በሐ ደግሞ 1.35 ሚሊ ግራም በሊትር ይደርሳል።

የአሞኒያው ጉዳት በፒኤች ይወሰናል። አሞኒያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው አሞኒየም የተባለው ብዙም የማይጎዳው ሲሆን፣ ሁለተኛው በዓሣ ስንጥብ በኩል በቀላሉ የሚያልፈው ነጻ አሞኒያ ነው። ፒኤቹ 7 በሆነ ጨው አልባ ውኃ የነጻው አሞኒያ ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነው። ፒኤቹ 8.2፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ የባሕር ውኃ ግን ድርሻው ወደ 6 በመቶ ከፍ ይላል። በዚህ መሠረት በገንዳ ሀ የነጻው አሞኒያ መጠን 0.36፣ በሁለቱ ትላልቅ ገንዳዎች 0.08 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል። በዓሣ ርቢ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ እንደ መጠንቀቂያ ወሰን የሚጠቀሰው 0.02 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ስለዚህ ትልቁም ገንዳ ቢሆን ከወሰኑ አልፏል፤ ልዩነቱ ትንሹ ገንዳ ወሰኑን በ18 እጥፍ፣ ትልቁ በ4 እጥፍ ማለፉ ነው።

ይሁን እንጂ መበስበስ የአንድ ሰዓት ሥራ አይደለም፤ ቀናትን ይወስዳል። በእነዚህ ቀናት የአሞኒያው ጭማሪ በትልቁ ገንዳ ዝግ ያለ ስለሚሆን፣ ጀማሪው በመለኪያ ሊያየውና ውኃ በመለወጥ ሊያርመው ይችላል። በትንሹ ገንዳ ግን ምልክቱና ሞቱ ተከታትለው ይደርሳሉ። ይዘት ጊዜ ይሰጣል የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ይህ ሂደት የባክቴሪያ ሥራ መሆኑን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ከባክቴሪያ የተለየ፣ የአርኬያ ወገን የሆነና ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ሕዋስ ተለይቶ መገኘቱ ተዘግቧል፤ የተገኘውም በሲያትል አኳሪየም ከሚገኝ የባሕር ውኃ ገንዳ ነው። እነዚህ ሕዋሳት በአዲስ ገንዳ ውስጥ ተባዝተው ሥራቸውን እስኪያደላድሉ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋቸዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዓሣ የሚያስገባ ጀማሪ ከመበረዝ በቀር ሌላ መከላከያ የለውም።

4. ትነት፣ ሙቀትና ጥልቀት

ውኃ ሲተን ጨው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ የቀረው ውኃ ጨዋማነቱ ይጨምራል። ለስሌት ያህል ከሁሉም ገንዳዎች በቀን 3 ሚሊ ሜትር ውኃ ይተናል ቢባል፣ በአራት ቀን ውስጥ የሚጎድለው 12 ሚሊ ሜትር ነው። ጨዋማነቱ 35 ግራም በኪሎ ግራም ከነበረ በገንዳ ሀ ወደ 36.5፣ በለ ወደ 35.9፣ በሐ ወደ 36.1 ይደርሳል። እዚህ ላይ ወሳኙ ይዘቱ ሳይሆን ጥልቀቱ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የጎደለው ውኃ ከጠቅላላው ያለው ድርሻ ከጎደለው ከፍታና ከጥልቀቱ ንጽጽር ጋር እኩል ነውና፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ 500 ሊትር ገንዳም ቢሆን በዚህ ረገድ ከገንዳ ሀ አይሻልም።

ሆኖም ይህ ጉድለት በእጅ የሚታረም ነው። የተነነውን ያህል ጨው አልባ ንጹሕ ውኃ በየቀኑ መጨመር በቂ ነው። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት የተነነውን በጨዋማ ውኃ በመተካት ነው፤ ያን ጊዜ ጨው በጨው ላይ ይጨመራል።

ሙቀትን በተመለከተ ገንዳው የሚቀዘቅዝበት ፍጥነት በዋናነት የተመካው ለእያንዳንዱ ሊትር በሚደርሰው የውጭ ገጽ ስፋት ላይ ነው። ስድስቱም ገጾች ሲደመሩ ገንዳ ሀ በሊትር 173 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ለ እና ሐ ደግሞ እኩል በሊትር 110 ካሬ ሴንቲ ሜትር አላቸው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥና ማሞቂያው ሲቆም ትንሹ ገንዳ በ1.6 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነበትና የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ባልቀረበት አካባቢ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

5. ኦክስጅንና ከፍታ

በውኃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው የኦክስጅን መጠን በሙቀት፣ በጨዋማነትና በአየር ግፊት ይወሰናል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ 35 የሆነ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። አዲስ አበባ በምትገኝበት በግምት 2,355 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 75 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ ያው ውኃ ሊይዝ የሚችለው ወደ 5 ሚሊ ግራም በሊትር ይወርዳል። በባሕር ዳርቻ ባሉ አገሮች የተጻፉ የአኳሪየም መመሪያዎች ይህን ልዩነት ግምት ውስጥ አያስገቡም። ስለዚህ በአንድ ገንዳ ስንት ዓሣ ይኑር የሚለው ምክራቸው ደጋ ላይ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም።

የቁጥሩ ትርጉም ከቀድሞው ምሳሌ ጋር ሲያያዝ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አንድ ሚሊ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.57 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ያስፈልጋል። ከሞተው ዓሣ የወጣው 270 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ስለዚህ 1.2 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ በገንዳ ሀ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ኦክስጅን ሁሉ 0.23 ግራም፣ በለ እና በሐ ውስጥ የሚገኘው 1 ግራም ነው። አንድ ትንሽ ሬሳ የሚፈልገው ኦክስጅን በየትኛውም ገንዳ ካለው ክምችት ይበልጣል ማለት ነው። ልዩነቱ ከአየር በየሰዓቱ መተካት አለበት፤ ይህም የሚሆነው በውኃው ገጽ በኩል ነው።

የገጽ ስፋቱ ሲታይ ገንዳ ሐ 0.50 ካሬ ሜትር፣ ገንዳ ለ 0.40 ካሬ ሜትር፣ ገንዳ ሀ 0.15 ካሬ ሜትር አላቸው። በሊትር ሲሰላ ትንሹ ገንዳ ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑ ብልጫ አለው፤ ነገር ግን ብልጫው ክምችቱ አነስተኛ መሆኑን አያካክስም። ይዘታቸው እኩል ከሆኑት ከለ እና ከሐ መካከል ግን ሐ አንድ አራተኛ የሚበልጥ ገጽ አለው። አፉ የጠበበ ክብ ማሰሮ እና ረጅም ሲሊንደር ገንዳ ለጀማሪ የማይመከሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለዓይን ቢያምሩም ለውኃቸው መጠን የሚመጥን መተንፈሻ የላቸውም። የውኃውን ገጽ የሚያናውጥ ፓምፕ ልውውጡን ያፋጥናል፤ ደጋ ላይም እንደ ተጨማሪ ሳይሆን እንደ መሠረታዊ ዕቃ ሊቆጠር ይገባል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ በመጠባበቂያነት መኖሩ መብራት በጠፋ ሌሊት የገንዳውን ሕይወት ሊያድን ይችላል።

6. ክብደት፣ ግፊትና ወለል

የባሕር ውኃ በሊትር 1.025 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ የ200 ሊትር ገንዳ ውኃ ብቻውን 205 ኪሎ ግራም ነው። መስታወቱ፣ አሸዋው፣ አለቱና መቆሚያው ሲጨመሩ ክብደቱ ወደ 300 ኪሎ ግራም ይቀርባል። ውኃው በመሠረቱ ላይ የሚያሳርፈው ጫና በገንዳ ለ 512፣ በገንዳ ሐ 410 ኪሎ ግራም በካሬ ሜትር ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ብዙውን ጊዜ የሚነደፈው በወለሉ ሁሉ ላይ በእኩል ለተሰራጨ 200 ኪሎ ግራም በካሬ ሜትር ያህል ጫና ነው። ይህ ማለት ገንዳው ወለሉን ያፈርሳል ማለት አይደለም፤ ጫናው በትንሽ ስፍራ ላይ ያረፈ ሲሆን የቀረው ሶሌታም ይጋራዋልና። ይሁን እንጂ በፎቅ ላይ ገንዳውን ከክፍሉ መሐል ሳይሆን ግድግዳ አጠገብ፣ በተለይም በቢም ላይ ማሳረፍ፣ በእንጨት ወለል ላይ ከሆነ ደግሞ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

በመስታወቱ ላይ የሚያርፈው ግፊት የሚመነጨው ከይዘት ሳይሆን ከጥልቀት ነው። በረጅሙ የፊት መስታወት ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ኃይል በገንዳ ለ 1,257 ኒውተን፣ በገንዳ ሐ 804 ኒውተን ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መቀነስ ኃይሉን ከሦስት አንድ እጅ በላይ አቃለለው። ጥልቀት ማነስ ለጽዳትም ይመቻል፤ እጅ ያለ ችግር ወለሉን ይደርሳልና።

7. የገንዳው አሠራር

በገበያ የሚገኙት ገንዳዎች በዋናነት ከመስታወት ወይም ከአክሪሊክ የተሠሩ ናቸው። አክሪሊክ ከመስታወት በግማሽ ያህል ይቀልላል፣ ሙቀትንም የተሻለ ይይዛል፤ ነገር ግን በቀላሉ ይጫራል። በባሕር ውኃ ገንዳ መስታወት ላይ የሚጋገረው ጠንካራ አልጌ በየጊዜው መፋቅ ስላለበት፣ ለጀማሪ መስታወት ይመረጣል።

ገንዳው በአካባቢ መስታወት ቤት የሚሠራ ከሆነ ሁለት ነገሮች መረጋገጥ አለባቸው። አንደኛው ማጣበቂያው ነው፤ ለመታጠቢያ ቤት የተዘጋጀ ሻጋታ ተከላካይ መድኃኒት ያለበት ሲሊኮን ለእንስሳቱ መርዝ ስለሚሆን፣ ጥቅም ላይ የሚውለው መድኃኒት ያልተጨመረበት ንጹሕ ሲሊኮን ብቻ መሆን አለበት። ሁለተኛው ብረት ነው፤ ጨው ብረትን ይበላል፣ መዳብም በአነስተኛ መጠን እንኳን ሽሪምፕንና ሌሎች አከርካሪ የሌላቸውን እንስሳት ይገድላል። ስለዚህ ከውኃው ጋር የሚነካካ የብረት ክፈፍ፣ ብሎን ወይም የመዳብ ቧንቧ ሊኖር አይገባም። ገንዳው ጨዋማ ውኃ ከመያዙ በፊት በተስተካከለ መቆሚያ ላይ ተቀምጦ በጨው አልባ ውኃ ተሞልቶ ለአንድ ሳምንት ቢፈተሽ ፍሳሹ ካለ ጉዳት ይታወቃል።

8. ጨው፣ ውኃና ነዋሪዎች

የ200 ሊትር ገንዳ ለመጀመሪያ ሙሌት 7 ኪሎ ግራም ያህል ሰው ሠራሽ የባሕር ጨው ይፈልጋል። በየሳምንቱ 10 በመቶው ቢለወጥ 0.7 ኪሎ ግራም፣ በዓመት 36 ኪሎ ግራም ጨው ያስፈልጋል። ለገንዳ ሐ የተነነውን ለመተካት በተገመተው ልክ በሳምንት 10 ሊትር ተኩል ሲጨመርበት፣ ሳምንታዊው የንጹሕ ውኃ ፍላጎት 30 ሊትር ይደርሳል። ይህን ወጪ ለመቀነስ የምግብ ጨው ወይም ከአፋር የሚመጣውን ጨው መጠቀም አያዋጣም። ከባሕር ጨው በክብደት 86 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ቢሆንም፣ ሕይወትን የሚያቆየው ቀሪው ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌትና ባይካርቦኔትም ነው።

በተመረጠው ገንዳ የሚኖሩት እንስሳት ቁጥርና ዓይነትም ከይዘቱ ጋር መመዛዘን አለበት። ለመጀመሪያው ዓመት በሰው እጅ የተፈለፈሉ ጥንድ አምፊፕሪዮን ኦሴላሪስ፣ ማለትም በተለምዶ ክላውንፊሽ የሚባሉት፣ ተስማሚ ናቸው፤ መጠናቸው ከ11 ሴንቲ ሜትር ገደማ አያልፍም፣ የታሸገ ምግብም ይለምዳሉ፣ ከባሕርም አልተጠመዱም። በአንጻሩ የሰርጅንፊሽ ወገኖች ረጅም ርቀት የሚዋኙ በመሆናቸው፣ በሕፃንነታቸው ትንሽ ቢመስሉም ለ200 ሊትር ገንዳ አይስማሙም።

9. ማጠቃለያ

ንጽጽሩ ሁለት የተያያዙ ውጤቶች አሉት። አንደኛ፣ በአሞኒያ መበረዝ፣ በሙቀት መጠበቅና በኦክስጅን ክምችት ረገድ ይዘቱ የበለጠ ገንዳ ጀማሪውን ይረዳል። ሁለተኛ፣ ይዘቱ ከተወሰነ በኋላ ጥልቀቱን መቀነስና ወርዱን መጨመር የኦክስጅን ልውውጥን ያሻሽላል፣ በመስታወትና በወለል ላይ የሚያርፈውንም ኃይል ያቃልላል። የሚያስከትለው ጉዳት የጨዋማነት መለዋወጥ በጥቂቱ መጨመር ብቻ ሲሆን፣ ያም በየቀኑ ንጹሕ ውኃ በመጨመር ይታረማል። በዚህ ሚዛን ከሦስቱ ገንዳ ሐ ተመራጭ ነው።

ቦታው ወይም ገንዘቡ ለ200 ሊትር የማይበቃው ሰው ወደ 100 ሊትር ሊወርድ ይችላል፤ ነገር ግን የዓሣው ቁጥር አብሮ መውረድ፣ የውኃው ምርመራም መደጋገም አለበት። ከዚያ በታች ያለው ገንዳ የልምድ ባለቤት እንጂ የጀማሪ ዕቃ አይደለም። የወለሉ ጥንካሬ፣ የኤሌክትሪክ መጠባበቂያ፣ ሳምንታዊው ጨውና ውኃ ከገንዳው ግዥ በፊት ተሰልተው ካልተገኙ፣ ትክክለኛው ውሳኔ ትንሽ ገንዳ መግዛት ሳይሆን በጨው አልባ ውኃ ዓሣ ጀምሮ አያያዙን መልመድ ነው።